የልጁ ዕድሜ ስንት ነው? ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና አጥቢ እናት በውርጌሳ መስመር

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት ሐይቅንና ውጫሌን ካለፈ በኋላ ውርጌሳ ይደርሳል፤ ቀጥሎ መርሳ፣ ሲሪንቃ፣ ከዚያ ወልድያ ይመጣሉ። በሐብሩ ወረዳ ያለች አራስ ትኩሳት ቢይዛት ወይም ጡቷ ቢያብጥ ያላት ምርጫ በዚሁ መስመር የተሰደረ ነው። ቅርቧ የቀበሌዋ ጤና ኬላ ነው፤ ቀጥሎ ጤና ጣቢያው፣ የግል ክሊኒኩና መድኃኒት ቤቱ፣ ሲበረታባት መርሳ፣ ሲከፋ ወልድያ ሆስፒታል። የትም ብትታከም ከሚታዘዝላት መካከል አሞክሳሲሊን፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ አዚትሮማይሲን ወይም ሴፍትሪያክሶን መኖሩ የተለመደ ነው። መድኃኒቱን ተቀብላ ስትወጣ የሚከተላትም ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጄን እያጠባሁ ልውሰደው?

መልስ ሰጪ አይጠፋም። አንዱ "እስክትጨርሺ ጡት አትስጪው" ይላል። ሌላው "ምንም አይለውም" ብሎ ያልፋል። ሦስተኛው የመድኃኒቱን ወረቀት ዘርግቶ "ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ እናት አይመከርም" የሚለውን መስመር ያሳያታል። ሦስቱም ሳይጠይቁ የሚያልፉት ነገር የልጁን ዕድሜ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው። አንድ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለአጥቢ እናት ይስማማል አይስማማም የሚለው በመድኃኒቱ ስም ብቻ አይፈታም። የአሥር ቀን ጨቅላና የአሥር ወር ሕፃን ያንኑ መድኃኒት በወተት ቢያገኙም የሚገጥማቸው አደጋ እኩል አይደለም። ጡቱ ቢቋረጥ ልጁ በምትኩ ምን ያገኛል የሚለውም ከዚሁ ተነጥሎ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

ስንት ነው የሚደርሰው?

መድኃኒት ከእናት ደም ወደ ወተት በአብዛኛው በራሱ ሰርጎ ይሻገራል። ከደም ፕሮቲን ጋር አጥብቆ የሚያያዝ መድኃኒት ብዙም አያልፍም፤ በስብ የሚሟሟና ሞለኪሉ አነስተኛ የሆነ ግን ይቀለዋል። ወተት ከደም ይልቅ በመጠኑ ወደ አሲድነት ያደላል፤ የወተት ፒኤች 7.2፣ የደም 7.4 ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት ደካማ ቤዝ የሆኑት እንደ ኤሪትሮማይሲን ያሉት ወተት ውስጥ የመጠራቀም ጠባይ ሲኖራቸው፣ ደካማ አሲድ የሆኑት ፔኒሲሊኖች በአብዛኛው ደም ውስጥ ይቀራሉ። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ወተት በሚያመነጩት ሕዋሳት መካከል ያለው ክፍተት ገና ስላልተዘጋ መድኃኒት ወደ እንገሩ መግባት አያቅተውም። ይሁን እንጂ እንገሩ ራሱ መጠኑ ጥቂት በመሆኑ ለልጁ የሚደርሰው ድምር ያንሳል። እናትየው መድኃኒት ስለ ጀመረች እንገር ማፍሰስ ልጁን ከመከላከያው ያራቁተዋል እንጂ የሚያተርፍለት ነገር የለም።

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ አንጻራዊ የሕፃን መጠን ይባላል። ልጁ በቀን በወተት የሚያገኘው መድኃኒት ለክብደቱ ይካፈልና እናትየው በኪሎ ከምትወስደው ጋር ይነጻጸራል፤ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ እንደ አጠቃላይ መመሪያ ተቀባይነት አለው። ስሌቱ የሚነሣው ሕፃን በቀን በኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠባል ከሚል ግምት ነው።

አሞክሳሲሊንን እንውሰድ። አንዲት እናት 1 ግራም ከዋጠች በኋላ በወተቷ የተለካው ከፍተኛ መጠን በሊትር 0.9 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። 5 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን 750 ሚሊ ሊትር ቢጠባ፣ ወተቱ ቀኑን ሙሉ በዚያው ከፍተኛ መጠን ላይ ቆየ ብንል እንኳ የሚደርሰው ከ0.7 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ይኸው ሕፃን የሳንባ ምች ቢይዘው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጠዋትና ማታ አንዳንድ ባለ 250 ሚሊ ግራም የሚሟሟ አሞክሳሲሊን ትሰጠዋለች፤ በቀን 500 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በቀጥታ የሚሰጠው በወተት ከሚያገኘው ከ700 እጥፍ በላይ ነው። ለልጁ ራሱ ያለ ስጋት የምንሰጠውን መድኃኒት እናቱ ስለዋጠችው ጡት ማስጣል በዚህ ሒሳብ ፊት የሚቆም ምክር አይደለም።

በነገራችን ላይ "ካጠባሽ በኋላ ወዲያው ዋጪው" የሚለው የተለመደ ምክር ለአሞክሳሲሊን እምብዛም አይጠቅምም። መድኃኒቱ ወተት ውስጥ ከፍ የሚለው ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ ምክሩን የተከተለች እናት ከፍተኛው መጠን ላይ ልጇን ታጠባ ይሆናል። መጠኑ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ግን ሰዓት መጠበቋም አስፈላጊ አልነበረም።

ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት

ብዙው ግራ መጋባት የሚመነጨው እርግዝናንና ጡት ማጥባትን በአንድ ከረጢት ከመክተት ነው። የመድኃኒት ወረቀቶች ሁለቱን አጣምረው ይጽፏቸዋል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለእርግዝና ይጠቀምባቸው የነበሩት ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤክስ የሚሉ ፊደላትም በተግባር ለአጥቢ እናት ሲጠቀሱ ኖረዋል፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ እነዚህን ፊደላት ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ከአዳዲስ የመድኃኒት ጽሑፎች እንዲወጡ አድርጓል። ሁለቱ ጉዳዮች ግን የተለያዩ ናቸው። ፅንስ የሚቀበለው የእናቱን ደም ተከትሎ በእንግዴ ልጅ በኩል የሚመጣውን ነው። የሚጠባ ልጅ ግን በወተቱ ውስጥ የተረፈውን፣ ያንንም በአንጀቱ በኩል ነው የሚያገኘው።

ጄንታማይሲን ጥሩ ማሳያ ነው። በእርግዝና ጊዜ ለፅንሱ ጆሮ ይፈራል። በወተት ግን ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም ስለማይገባ ለሚጠባ ልጅ ያን ያህል አያሳስብም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 በጀመረችው ማኅበረሰብ አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ፣ ወደ ሆስፒታል መላክ በማይቻልበት ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በጽኑ ለታመመ ጨቅላ ራሱን ጄንታማይሲን በመርፌ ከአሞክሳሲሊን ጋር እንዲሰጡ ተፈቅዶላቸዋል። ዶክሲሳይክሊንም እንዲሁ በእርግዝና ይከለከላል፤ በወተት ሲሆን ግን መጠኑ ከማነሱም በላይ የወተቱ ካልሲየም ይይዘዋል። ከሦስት ሳምንት ለማያልፍ ሕክምና ዛሬ አብዛኞቹ ባለሙያዎች አይከለክሉትም። በቅማል ለሚተላለፈው ታይፈስ የሚበቃው አንድ ጊዜ የሚወሰድ 200 ሚሊ ግራም መሆኑን ስናስብ ለዚያ ሲባል ጡት ማቋረጥ ጭራሽ ትርጉም ያጣል።

አሜባና ጃርዲያ፣ ታይፎይድና ታይፈስ

የአገራችን የላቦራቶሪ ወረቀት ሁለት ጥንድ ስሞችን ይወዳል። የመጀመሪያው ጥንድ፣ አሜባና ጃርዲያ፣ ሜትሮኒዳዞልን ወይም ቲኒዳዞልን ያስከትላል፤ ለአጥቢ እናት ከሁሉም ይበልጥ ቆም ብሎ ማሰብ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

ሜትሮኒዳዞል ትንሽ ሞለኪል ነው፣ ከደም ፕሮቲን ጋር ብዙ አይጣበቅም፤ ስለዚህ ወተት ውስጥ የሚገኘው መጠን ከደሙ እኩል ለማለት ያስደፍራል። በቀን ሦስት ጊዜ 400 ሚሊ ግራም የወሰዱ እናቶች ወተት በአማካይ በሊትር 15.5 ሚሊ ግራም ተለክቶበታል። የእኛ 5 ኪሎ ሕፃን ከዚህ በቀን ወደ 11.6 ሚሊ ግራም ያገኛል፤ በኪሎ 2.3 ገደማ። አንጻራዊው መጠን 10 በመቶ አካባቢ ስለሚሆን ልክ ድንበሩ ላይ ነው። ለልጁ ለራሱ ለአሜባ ተቅማጥ የሚታዘዘው በቀን በኪሎ 30 ሚሊ ግራም ስለሆነ በወተት የሚያገኘው ከዚያ ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። በአይጦች ላይ የታየው የጄኔቲክ ለውጥና የዕጢ ስጋት በሰው ላይ አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው የአጥቢ እናቶች መድኃኒት መመሪያ ከተቻለ ይታለፍ የሚል ጥንቃቄ አስቀምጧል። እኛ ዘንድ ለአሜባ የሚታዘዘው 750 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ሊደርስ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም፤ ያን ጊዜ ወተቱ ውስጥ ያለው ከላይ ካሰላነው በእጥፍ ይቀርባል። ወተቱ ሊመርም ስለሚችል አንዳንድ ልጅ ጡቱን ይገፋል፤ እናቶች "ወተቴ ተበላሸ" ብለው የሚደነግጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ምክሩ መደርደር ያለበት እንዲህ ነው። ለተለመደው የአንድ ሳምንት ሕክምና፣ ልጁ በጊዜው የተወለደና አንድ ወር ያለፈው ከሆነ ማጥባት ይቀጥላል። አንድ ጊዜ የሚወሰድ 2 ግራም ከሆነ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ታልቦ እየተደፋ መቆየት ይመከራል፤ አስቀድሞ የታለበ ወተት ካለ በማንኪያና በንጹሕ ኩባያ ይሰጠዋል። ቲኒዳዞል ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ከ2 ግራም በኋላ የሚመከረው እረፍት 72 ሰዓት ነው። ሦስት ቀን ለአንድ ጨቅላ ረጅም ጊዜ ነው፤ የእናቱም ወተት ሊነጥፍ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ሁለቱም መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ካሉ ለአጥቢ እናት ቲኒዳዞልን ማንሣት የሚያዋጣበት አጋጣሚ ብዙም አይታየኝም።

ሁለተኛው ጥንድ፣ ታይፎይድና ታይፈስ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ያስከትላል። የሲፕሮ መጠን በወተት አነስተኛ ነው፤ የወተቱ ካልሲየምም መመጠጡን ያውካል። በልጅ መገጣጠሚያ ላይ ያለው የቆየ ፍርሃት በቡችሎች ላይ ከታየው ጉዳት የመጣ ነው። ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ መጀመሪያውኑ አስፈልጓት ነበር ወይ? አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ትኩሳት ባላቸው 270 ታማሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ በደም ካልቸር የታይፎይድ ባክቴሪያ የተገኘባቸው 7 ሰዎች ብቻ ሲሆኑ በአንዱ የዊዳል ምርመራ (የታይፎይድ ፀረ አካል የደም ምርመራ) ዘርፍ ግን 88ቱ ፖዘቲቭ እንደ ነበሩ አሳይቷል። አንዲት አጥቢ እናት በዊዳል ወረቀት ብቻ ሲፕሮ ከጀመረች ስለ ወተቷ የሚነሣው ክርክር ሁሉ ከባዶ የተነሣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የጨጓራ ባክቴሪያ ሕክምናም ከዚሁ ጎን ይቆማል። ክላሪትሮማይሲንና አሞክሳሲሊን ለማጥባት ባይከለከሉም፣ ደም የሚያስተፋ ቁስለት ከሌለ ሕክምናው ልጁ ጠንከር እስኪል ቢቆይ የሚጎዳው ነገር የለም። የማይቸኩለውን ማቆየትም ሕክምና ነው።

የአዚትሮማይሲን ነገር

አማራ ክልል ስለዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ ልምድ አለው፤ ልምዱ ግን በዚህ ዓይን ብዙም አልታየም። ትራኮማ በክልሉ ስር የሰደደ በመሆኑ ከ2000ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ጀምሮ አዚትሮማይሲን ለሕዝብ በጅምላ ሲታደል ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ደግሞ ወባንና ትራኮማን አጣምሮ "ማልትራ" በተባለ ዘመቻ በካርተር ማዕከልና በላየንስ ክለቦች ድጋፍ መንደር ለመንደር ደርሷል። አዋቂ እስከ 1 ግራም ይውጣል፤ ለልጆች መጠኑ በቁመት መለኪያ ዱላ ይወሰናል፤ ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናት የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይደረግላቸዋል። አጥቢ እናቶች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተሰልፈው ውጠዋል፤ ልጆቻቸውንም አጥብተዋል። ያቺው እናት በሌላ ወር ለጉሮሮዋ ያንኑ አዚትሮ ከመድኃኒት ቤት ስትገዛ ጡት አቁሚ ብትባል የትኛውን ትመን?

የዘመቻው ውጤት ከዓይን አልፏል። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት፣ መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ልጆች ዘንድ ሞት በግማሽ ግድም ቀንሶ ማግኘቱን ዘግቧል። ለማጥባት ግን ጥያቄው የሚጠብበት ቦታ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት። ከአንድ ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ጦር ቤተሰብ ሕፃናትን መዝገብ ያየና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት፣ በተወለዱ በ14 ቀን ውስጥ ራሳቸው አዚትሮማይሲን የተሰጣቸው ጨቅላዎች የጨጓራ መውጫ መጥበብ የመከሰት ዕድሉ ስምንት እጥፍ ያህል እንደሆነባቸው አሳይቷል። በኤሪትሮማይሲን ከዚያም ይብሳል። ይህ በሽታ ልጁ የጠባውን በኃይል ወደ ውጭ እንዲያስመልስ ያደርጋል፤ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ያ ደግሞ ለውርጌሳ ቤተሰብ ረጅም መንገድ ነው። በወተት በኩል በሚመጣው ላይ ከዴንማርክ የወጣው መረጃ ጥርጣሬ ከማጫር ያለፈ አይደለም። በቡርኪና ፋሶ ከ20 ሺህ በላይ ጨቅላዎች የተሳተፉበት ሙከራ ደግሞ ከስምንተኛው ቀን ጀምሮ መድኃኒቱ በቀጥታ ሲሰጥ እንኳ ችግሩ እጅግ ብርቅ መሆኑን አሳይቷል።

ጉዳዩ በቅርቡ ይበልጥ ተወሳስቧል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመና በሰባት አገሮች ወደ 29 ሺህ ሴቶች የተሳተፉበት ሙከራ፣ ምጥ ላይ ላለች ሴት 2 ግራም አዚትሮማይሲን መስጠት የእናትን ሴፕሲስ ወይም ሞት ከ2.4 ወደ 1.6 በመቶ ዝቅ እንደሚያደርግ አሳይቷል፤ ለጨቅላው የተገኘ ትርፍ ባይኖርም። አዚትሮ ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ እናትየው አራስ ሳለች ወተቷ ውስጥ ለቀናት ይቆያል። እኔ በዚህ ላይ ያለኝ አቋም ቀላል ነው። ሕይወቷን የሚያድናት ከሆነ ትውሰድ፣ ታጥባ፣ ልጁ በኃይል ማስመለስ እንደ ጀመረ ግን ወዲያው እንድትመጣ ይነገራት። ለተራ ጉንፋን ከሆነ የሁለት ሳምንት አራስ አዚትሮ የምትውጥበት ምክንያት የለም።

እውነተኛ ክልከላ ያለባቸው ጥቂት ናቸው። ክሎራምፌኒኮል በመቅኔ ላይ ሊያደርስ ስለሚችለው ጉዳት ለአጥቢ እናት ሌላ አማራጭ ይፈለግለታል። ኮትሪሞክሳዞል ልጁ ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ቢጫ የሆነ ወይም ገና አንድ ወር ያልሞላው ከሆነ ይቅር፤ በውስጡ ያለው ሰልፋ ልጁን ቢጫ የሚያደርገውን ቢሊሩቢን ከተጣበቀበት ፕሮቲን አላቅቆ ወደ አንጎል እንዲደርስ ሊያደርግ ይችላል። ዕድሜ ምን ያህል ፍርዱን እንደሚቀይር የሚያሳየው ይኸው መድኃኒት ነው፤ ከኤችአይቪ ጋር ከምትኖር እናት የተወለደ ልጅ ከስድስተኛ ሳምንቱ ጀምሮ በቀጥታ በአፉ ይሰጠዋል።

ጡት ሲያብጥ

እናቶችን ወደ ፀረ ባክቴሪያ ከሚያደርሷቸው ምክንያቶች አንዱ ራሱ ጡቱ ነው። ጡት ሲቀላ፣ ሲግልና ትኩሳት ሲያመጣ አብዛኛው ቤተሰብ ልጁን ከዚያ ጡት ያርቃል፤ "መግል ይጠባል" ይባላል። የሚሆነው ግን ተገላቢጦሹ ነው። ወተቱ ሲቆም እብጠቱ ይጠናል፤ መግል የመቋጠር ዕድሉም ይጨምራል። በጊዜው ለተወለደ ጤነኛ ልጅ ከታመመው ጡት መጥባት ጉዳት የለውም፤ ኤችአይቪ በደሟ ያለ እናት ግን የተለየ ምክር ያስፈልጋታል። ለባክቴሪያው የሚመረጠው ክሎክሳሲሊን ወደ ወተት የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የተከለሰው ዓለም አቀፍ የጡት ማጥባት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ አንድ የቆየ ልማድ አርሟል፤ ጡቱን አጥብቆ ማሸትና ያለ ልክ ማለብ እብጠቱን ያባብሳል። ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን፣ እንደ ወትሮው ማጥባት፤ በአንድ ሁለት ቀን ካልቀነሰ መድኃኒቱ ይጀመራል።

ጡት ቢቋረጥስ?

"ለሰባት ቀን አታጥቢ" የሚለው ምክር በወረቀት ላይ ጥንቃቄ ይመስላል። ገጠር ቤት ሲደርስ ግን በውኃ የቀጠነ የላም ወተት፣ የአብሽ ውኃ ወይም በደንብ ያልታጠበ ጡጦ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1987 ከደቡብ ብራዚል የወጣው የታወቀ ጥናት ጡት የማያገኙ ሕፃናት በተቅማጥ የመሞት ዕድላቸው ጡት ብቻ ከሚጠቡት 14 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. የ2019 የኢትዮጵያ አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳገኘው ከስድስት ወር በታች ካሉት ጡት ብቻ የሚጠቡት 59 በመቶ ናቸው፤ ከአሥሩ አራቱ ዘንድ ሌላ ምግብ ወይም መጠጥ አስቀድሞ ገብቷል፤ አንድ የተሳሳተ ምክር ቀሪዎቹን ለመጨመር አይከብደውም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት በዚህ መስመር ሲያልፍ የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈው መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ ከእናቱ ጡት ሌላ ተስፋ ያልነበረው ሕፃን ብዙ ነበር።

ፍርሃቱ ወደ ሌላ አቅጣጫም ይጎዳል። በካናዳ ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት፣ መድኃኒቱ እንደማይጎዳ ተነግሯቸው ሳለ ከአምስት እናቶች አንዷ ያህል ወይ መድኃኒቱን አልጀመረችም ወይ ማጥባቱን አቁማለች። እዚያው ከተማ ከ838 አጥቢ እናቶች የተሰበሰበ መረጃ ደግሞ በ11 በመቶ ልጆች ላይ ቀላል ምልክት ማየቱን፣ ሐኪም ዘንድ ያደረሰ ግን አለመገኘቱን ይናገራል። ፀረ ባክቴሪያ በወሰዱት እናቶች ልጆች የታየው በአብዛኛው ቀጠን ያለ ሰገራ ነው። በአፍ ውስጥ ነጭ ሽፋንና ሽፍታም ሊመጣ ይችላል። ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፣ ጡት እምቢ ማለት፣ ቢጫ መሆን ወይም በኃይል ማስመለስ ግን ልጁን ይዞ ለመምጣት በቂ ምክንያት ነው።

እስካሁን የተጠቀሱት የወተት ልኬቶች በአብዛኛው ከሩቅ አገር፣ ከጥቂትና በደንብ ከተመገቡ እናቶች የተወሰዱ ናቸው። 45 ኪሎ የምትመዝን የሐብሩ እናት ያንኑ የአዋቂ መጠን ስትውጥ በኪሎ የሚደርሳት ይበልጣል፤ ወተቷ ውስጥ የሚገባውም እንደዚያው። ይህን ለማወቅ ትልቅ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም፤ የወተት ጠብታ በወረቀት ላይ አድርቆ የመላክ ዘዴ በኡጋንዳ በኤችአይቪ መድኃኒቶች ላይ ተሠርቶበታል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከሐብሩ ጤና ጣቢያዎች ጋር ሆኖ ቢጀምረው መጀመሪያ መለካት ያለበት 750 ሚሊ ግራም ሜትሮኒዳዞል በቀን ሦስት ጊዜ የሚወስዱ፣ ልጆቻቸውም አንድ ወር ያልሞላቸው እናቶችን ወተት ነው።